የእጅ ስልክ ኮንሶልን ይተካልን?



በዚህ ወር በቤተሰብ ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፡፡ «ስለ ጨዋታ ደግሞ ምን ይጻፋል?» የሚል ወላጅ እንደማይጠፋም እናውቃለን፡፡ ይሁን እንጂ ወደ ዝግጅት ክፍላችን የደረሰ አንድ ፖስታ ነገሩን አቅልለን እንዳናልፈው አስገድዶናል፡፡ በፖስታው ውስጥ ከአንድ ቤት የተጻፉ ሁለት ደብዳቤዎች ነበሩ፤ አንዱ የአባት፣ ሌላው ደግሞ የ14 ዓመት ልጃቸው ነው፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ጅዳ የሚኖሩት የልጁ አክስት ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ሊመጡ ነው፡፡ ባዶ እጃቸውን መምጣት አልፈለጉምና «ለልጆቹ ምን ላምጣ?» ብለው ደወሉ፡፡ ልጁ «ፕሌይስቴሽን» አለ፡፡ አባት በበኩላቸው «ቤት ውስጥ ስልክ አለ፤ ያው ጨዋታ በስልክም ይኖራል፤ ካልሽ የተሻለ ስልክ አምጪለትና ለትምህርቱም ይሁነው» አሉ፡፡ ልጁ በደብዳቤው «የስልክ ጨዋታና የፕሌይስቴሽን ጨዋታ ፈጽሞ አንድ አይደለም፤ አባቴ እንዲህ የሚለው ተጫውቶ ስለማያውቅ ነው» ይላል፡፡ አባት ደግሞ «ዛሬ ስልክ የማይሠራው ሥራ የለም፤ ለአንድ ሥራ ሁለት ዕቃ መግዛት ብክነት ነው» ይላሉ፡፡ ሁለቱም ፍርድ ስጡን ነው የሚሉት፡፡

ከአባት ደብዳቤ ግርጌ ግን በሌላ እጅ ጽሑፍ ጥቂት መስመሮች ተጨምረዋል፤ የእናት መሆናቸውን ለመረዳት አልተቸገርንም፡፡ ባለፈው ዓመት እናት ትንሹን ልጅ ይዘው ለዑምራ በሄዱ ጊዜ እዚያው አክስት ቤት ሰንብተው ነበር፡፡ ትንሹ ልጅ በአክስቱ ስልክ ሲጫወት፣ የሚነካው ሁሉ ገንዘብ መሆኑን ሳያውቅ፣ ከአክስቱ የባንክ ካርድ ብዙ ገንዘብ ወጣ፡፡ ገንዘቡ ለአያትየው የዓይን ሕክምና ተብሎ የተቀመጠ ነበር፡፡ «አክስቱ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩንም፤ ሕፃን ነው ብለው አለፉት፡፡ እኔ ግን ኀፍረቱ ከልቤ አልወጣም፡፡ አያቲቱም እስከ ዛሬ አልታከሙም፡፡ አሁንም የሚመጣው ዕቃ የባሰ ይዞብን እንዳይመጣ እፈራለሁ» ይላሉ እናት፡፡

ውድ አንባቢዎቻችን፣ የአባትና የልጅ ክርክር ስለ ዕቃ ነበር፡፡ የእናት ሦስት መስመር ግን ነገሩን የአደራ ጉዳይ አድርጎታል፡፡ እኛም ይህን በልባችን ይዘን ጥያቄውን ከሥሩ ለመመርመር ሞከርን፡፡ በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡

ጥራት ሲባል ምን ማለት ነው?

በቅድሚያ በቃሉ እንስማማ፡፡ ኮንሶል የሚባለው ለጨዋታ ብቻ ተብሎ የተሠራ፣ ብዙውን ጊዜ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ መሣሪያ ነው፡፡ በየሰፈራችን ዓይነቱን ሳንለይ ሁሉንም «ፕሌይስቴሽን» እንለዋለን፤ ፕሌይስቴሽን ግን የሶኒ ኩባንያ ሥራ ስም ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስን፣ ኒንቴንዶ ደግሞ ስዊችን ይሠራሉ፡፡

ስለ ጨዋታ ጥራት ሲወራ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚያነሣው የሥዕሉን ማማር ነው፡፡ ሥዕል ብቻውን ዳኛ እንደማይሆን ግን የጨዋታ ታሪክ ራሱ ያስተምረናል፡፡ በ1989 የጃፓኑ ኒንቴንዶ ጌም ቦይ የተባለ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አወጣ፡፡ ማሳያው ቀለም አልነበረውም፤ ከኋላው የሚያበራ መብራትም የለውም፡፡ በዚያው ዓመት አታሪ ሊንክስ የተባለውን፣ በ1990 ደግሞ ሴጋ ጌም ጊር የተባለውን ባለቀለም መሣሪያ አመጡ፡፡ ማንም አይቶ ቢፈርድ ሁለቱ በሥዕል ይበልጡ ነበር፡፡ ነገር ግን ስድስት ስድስት ባትሪ ድንጋይ እየበሉ ከጥቂት ሰዓት በላይ አይቆዩም ነበር፤ ጌም ቦይ በአራት ባትሪ ድንጋይ ከ10 ሰዓት በላይ ይሠራል፤ ዋጋውም ከሁለቱ ያነሰ ነበር፡፡ የመሣሪያው ፈጣሪ ጉንፔ ዮኮይ እምነቱ አዲስና ውድ የሆነውን ከማሳደድ ይልቅ የታወቀውንና የረከሰውን ዕቃ በአዲስ ዘዴ መጠቀም ነበር፡፡ ውጤቱም ጌም ቦይ ኋላ ከመጣው ባለቀለም ወንድሙ ጋር ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ግን ተረሱ፡፡

እንግዲህ ጥራት ስንል ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን አራት ነገሮችን አብረን ብናይ ይበጃል፡፡ የመሣሪያው ጉልበት አንድ፣ በእጅ አያያዙ ሁለት፣ ጨዋታው የተሠራበት ዓላማና ገንዘቡ የሚሰበሰብበት መንገድ ሦስት፣ ለቤቱ የሚሆነው አኳኋን አራት፡፡

አባት የያዙት እውነት

አባት ከሜዳ ተነሥተው አልተናገሩም፡፡ ስልክ በጨዋታ በኩል ያለፈበት መንገድ ረጅም ነው፡፡ በ1997 ኖኪያ 6110 በተባለው ስልክ ላይ እባቧን እያስረዘሙ የሚጫወቷት ቀላል ጨዋታ መጣች፤ ከአንባቢዎቻችን መካከል ዛሬ አባትና እናት የሆኑት አይረሷትም፡፡ በ2003 ኖኪያ ኤን-ጌጅ የተባለ ስልክም ኮንሶልም የሆነ ዕቃ ሠራ፡፡ አልተሳካለትም፤ ጨዋታ ለመቀየር የስልኩን ክዳን ከፍቶ ባትሪውን ማውጣት ያስፈልግ ነበር፤ ለመነጋገርም የስልኩን ጠርዝ ጆሮ ላይ ማቆም ግድ ነበር፡፡ ሁለት ሥራ ላንድ ዕቃ ሰጥቶ ሁለቱንም ማበላሸት ይሉታል ይህ ነው፡፡

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ፡፡ አፕል በሐምሌ 2008 የስልክ ፕሮግራሞች መደብሩን ሲከፍት በውስጡ የነበሩት 500 ያህል ነበሩ፡፡ በመስከረም 2020 ጌንሺን ኢምፓክት የተባለው የቻይና ጨዋታ በስልክ፣ በኮምፒዩተርና በፕሌይስቴሽን 4 በአንድ ቀን ወጣ፤ ሰፊ ዓለም ያለው ያው አንድ ጨዋታ ነው፡፡ ማይንክራፍት የተባለው የግንባታ ጨዋታም ከ2017 ወዲህ በስልክም በኮንሶልም አንድ ዓይነት ሆኖ፣ አንዱ ልጅ በስልክ ሌላው በኮንሶል ሆነው አብረው ሊጫወቱት ይችላሉ፡፡ በ2023 መጨረሻ ደግሞ አፕል አይፎን 15 ፕሮ በተባለው ስልኩ ላይ ለኮንሶል ተሠርቶ የነበረውን ሬዚደንት ኢቭል ቪሌጅ እንዲጫወቱበት አደረገ፡፡ ይህ ጨዋታ ደም የበዛበትና አስፈሪ በመሆኑ ለልጅ የሚሆን አይደለም፤ እዚህ ያነሣነው ለማስረጃ ያህል ብቻ ነው፡፡ ማስረጃነቱም ስልክ የኮንሶልን ጨዋታ ማንሣት መጀመሩን ያሳያል፡፡

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ አባት ያላሰቡት ሒሳብ አለ፡፡ አይፎን 15 ፕሮ ሲወጣ በአሜሪካ ዋጋው 999 ዶላር ነበር፡፡ ፕሌይስቴሽን 5 በ2020 ሲወጣ ሲዲ የሚቀበለው 499፣ ሲዲ የሌለው 399 ዶላር ነበር፤ ስዊች በ2017 ሲወጣ 299 ዶላር ነበር፡፡ ከዚያ ወዲህ የኮንሶል ዋጋ በአንዳንድ አገሮች ጨምሯል፤ ቢሆንም ልዩነቱ ግልጽ ነው፡፡ የኮንሶልን ጨዋታ የሚሸከመው ስልክ ከኮንሶሉ በላይ ያስወጣል፡፡ በርካሹ ስልክ ደግሞ የሚጫወቱት ያንን ጨዋታ አይደለም፡፡ ስለዚህ «አንድ ዕቃ ይበቃናል» የሚለው ቁጠባ ቁጠባ የሚሆነው ስልኩ በእጃችን ካለና ከጨዋታም ቀለል ያለውን የምንመርጥ ከሆነ ብቻ ነው፡፡

የሙቀት ነገር

ልጁ «አንድ አይደለም» ሲል ምን ማለቱ ነው? ሥረ-ነገሩ ሙቀት ነው፡፡ ማንኛውም ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሲሠራ ይሞቃል፤ ብዙ ሲሠራ ብዙ ይሞቃል፡፡ መጀመሪያ የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ክብደቱ 4 ኪሎ ተኩል ነበር፡፡ ያ ሁሉ ክብደት የሥሌት ዕቃ አይደለም፤ ሙቀት የሚያስወጣ ብረትና ትልቅ ማራገቢያም አለበት፡፡ ከግድግዳ ኤሌክትሪክ እየሳበ ከባድ ጨዋታ ላይ 200 ዋት ያህል ይወስዳል፡፡ ስልክ ደግሞ ከሩብ ኪሎ ያነሰ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማራገቢያ የሌለው፣ በባትሪ የሚሠራ ነው፤ ለረጅም ሰዓት ሊሸከም የሚችለው ጥቂት ዋት ብቻ ነው፡፡ ከዚያ ካለፈ እጅ ያቃጥላል፤ ባትሪውንም ይጎዳል፡፡ ስለዚህ ስልኩ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፡፡

ይህንን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በዓይናችን አይተነዋል፡፡ ከባልደረቦቻችን አንዱ ቤት ተሰብስበን፣ የወንድሙ ልጅ ያለውን ኮንሶልና አንድ ጥሩ የሚባል ስልክ ጎን ለጎን አስቀምጠን ልጆቹ እንዲጫወቱ አደረግን፡፡ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት የስልኩ ሥዕል ከቴሌቪዥኑ የጠራ መስሎ ታየን፤ በትንሽ ማሳያ ላይ ጉድለት አይታይምና፡፡ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ የስልኩ ጀርባ እንደ ቡና ስኒ ሞቀ፤ ሥዕሉም መንተፋተፍ ጀመረ፡፡ ከዚያም የያዘችው ልጅ «አጎቴ፣ ቻርጀር አለ?» ብላ ጠየቀች፡፡ ኮንሶሉ እስከ ዐስር ሶላት ድረስ እንደ ጀመረው ቀጠለ፡፡ ስልክ የመቶ ሜትር ሯጭ ነው፤ ኮንሶል የማራቶን፡፡ በመቶ ሜትር ላይ አብረው ቢታዩም በአርባኛው ኪሎ ሜትር አብረው አይገኙም፡፡

ይህ ልዩነት ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ብለን አናምንም፡፡ የስልክ ዕቃ በየዓመቱ ቢሻሻልም ያው እውቀት ለኮንሶልም ይደርሳል፤ በኪስ የሚገባ ነገርና በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነገር ደግሞ ሙቀት የማስወጣት አቅማቸው መቼም እኩል አይሆንም፡፡

አንዳንዶች «ከባዱን ሥራ ሩቅ ያለ ትልቅ ኮምፒዩተር ይሥራው፤ ስልኩ ሥዕሉን በኢንተርኔት ይቀበል» የሚል መፍትሔ አምጥተዋል፡፡ ጉግል በ2019 ስታዲያ በሚል ስም ሞክሮት በጥር 2023 ዘጋው፡፡ ሌሎች እስከ ዛሬ ይሠሩበታል፤ ነገር ግን ፈጣንና የማይቆራረጥ መስመር ይፈልጋል፡፡ የዳታ ጥቅል እየቆጠረ ለሚገዛ ቤተሰብ ይህ መንገድ የሚመከር አይደለም፡፡

የእጅ ነገር

ሁለተኛው ልዩነት በእጅ ነው፡፡ በስልክ ሲጫወቱ አውራ ጣቶች የማሳያውን ጥግ ይሸፍናሉ፤ መስታወቱም ለስላሳ ስለሆነ የትኛውን እንደነኩ ጣት አያውቅም፡፡ ጆይስቲክ ግን ዓይን ሳያየው ጣት የሚያውቀው ነው፡፡ ልጆች በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ተሰልፈው፣ በኪሳቸው ስልክ እያለ፣ ለአንድ የኳስ ጨዋታ ከፍለው የሚጫወቱት ለዚህ ነው፡፡ ጆይስቲኩ አለ፤ አጠገባቸው ደግሞ ጓደኛ አለ፡፡

እዚህ ላይ ግን ለልጁም የምንነግረው አለ፡፡ ይህ ጉድለት ሊሞላ ይችላል፡፡ ከ2019 ወዲህ አይፎን የፕሌይስቴሽንና የኤክስቦክስን ጆይስቲክ በብሉቱዝ ይቀበላል፤ የአንድሮይድ ስልኮችም እንዲሁ፡፡ ጨዋታው ከፈቀደ አንድ ጆይስቲክ ብቻ ገዝቶ ከስልኩ ጋር ማገናኘት ይቻላል፡፡

ስዊችን ስናስብ ነገሩ ይበልጥ ይገባናል፡፡ ኒንቴንዶ በ2017 ያወጣው ስዊች ልቡ ቴግራ ኤክስ1 የተባለ፣ በ2015 ለታብሌትና ለመሳሰሉት የቀረበ ዕቃ ነበር፤ የማስታወሻው መጠንም 4 ጊጋ ባይት ብቻ ነው፡፡ ከጥቂት ዓመት በኋላ ብዙ ስልኮች በጉልበት በልጠውታል፡፡ ሆኖም ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፡፡ ለምን? ጆይስቲኩ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ልጆች ያጫውታል፤ ጨዋታዎቹም ለእርሱ ብቻ ተብለው በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው፡፡ ስለዚህ የስልክ ጨዋታ ከኮንሶል የሚያንሰው በጉልበት ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስዊችን ድሮ ባሸነፈው ነበር፡፡ ሌላ ምክንያት አለ ማለት ነው፡፡ ያ ምክንያት እናት በሦስት መስመር የጻፉት ነው፡፡

የገንዘቡ መንገድ

በታኅሣሥ 2016 ኒንቴንዶ ሱፐር ማሪዮ ረን የተባለ ጨዋታ ለስልክ አወጣ፡፡ መጀመሪያውን በነጻ ቀምሰው ከወደዱት 9 ዶላር ከ99 ሣንቲም አንድ ጊዜ ከፍለው ሙሉውን የሚያገኙት ነበር፡፡ ብዙ ሕዝብ አወረደው፤ የከፈለው ግን ጥቂት ሆነና ኩባንያው ገቢው ያሰበውን ያህል እንዳልሆነ ገለጸ፡፡ በየካቲት 2017 እዚያው ኩባንያ ፋየር ኢምብለም ሂሮስ የተባለ ሌላ ጨዋታ አመጣ፡፡ ይህ መግቢያው ነጻ ነው፤ ገንዘብ የሚከፈለው ግን ጀግኖቹን በዕጣ ለማውጣት ነው፡፡ የሚፈለገው ካልወጣ እንደገና ይከፈላል፡፡ የሁለተኛው ገቢ ከመጀመሪያው እጅግ በለጠ፡፡

ሠሪዎች ከዚህ የተማሩት ምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም፡፡ አንድ ጊዜ የተሸጠ ጨዋታ ዓላማው ተጫዋቹ ተደስቶ እንዲጨርሰውና ለወንድሙም እንዲያወራለት ነው፡፡ በየቀኑ ገንዘብ የሚለቅም ጨዋታ ግን እንዲያልቅ አይፈለግም፡፡ መንገዱ ሆን ተብሎ ይረዝማል፤ ልጁ ሊያሸንፍ ሲቃረብ ይከብዳል፤ «ጠብቅ ወይም ክፈል» ይለዋል፤ ነገ ካልተመለስክ ስጦታህ ይቀራል ይለዋል፡፡ ይህም የጥራት ጉዳይ ነው እንላለን፡፡ በሥዕል የቱንም ያህል ቢያምር፣ ልጅን እንደ ደንበኛ እንጂ እንደ ተጫዋች የማያይ ጨዋታ ጥራቱ የጎደለ ነው፡፡

ይህን የምንለው በግምት አይደለም፡፡ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በጥር 2014 ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ በስልክ ለገዙት ነገር ቢያንስ 32 ሚሊዮን ተኩል ዶላር እንዲመለስ ከአፕል ጋር ስምምነት አደረገ፡፡ በታኅሣሥ 2022 የፎርትናይት ሠሪ የሆነው ኤፒክ በድምሩ 520 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ከዚህ ውስጥ 245 ሚሊዮኑ ሳይፈልጉት ለተከፈለ ገንዘብ መመለሻ ነው፤ ቀሪው ከልጆች የግል መረጃ ጋር የተያያዘ ቅጣት ነው፡፡ በጥር 2025 ደግሞ፣ ቀደም ሲል በሥዕሉ ያደነቅነው ያው ጌንሺን ኢምፓክት፣ አሳታሚው 20 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍልና ከ16 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ የዕጣ ሳጥን እንዳይሸጥ ተስማማ፡፡ እንግዲህ በሥዕል ከኮንሶል ጋር የተስተካከለው ጨዋታ በገንዘብ መንገዱ የተከሰሰው ነው፡፡

ኮንሶልም ግን ከዚህ የጸዳ አይደለም፤ ይህን መደበቅ ለልጁ ማድላት ይሆናል፡፡ በ2018 የቤልጅየም የቁማር ተቆጣጣሪ፣ በኮንሶል የሚጫወቱትን የፊፋ የኳስ ጨዋታ ጨምሮ በገንዘብ የሚገዙ የዕጣ ሳጥኖች የአገሪቱን የቁማር ሕግ ይጥሳሉ ሲል ወሰነ፤ ኩባንያውም በ2019 መጀመሪያ በዚያ አገር ሽያጩን አቆመ፡፡ ገንዘብ ሰጥቶ የማይታወቅ ዕጣ መጠበቅ በሱረቱል ማኢዳህ ከተከለከለው ቁማር ጋር ያለውን ዝምድና ዑለማዎቻችን እንዲያብራሩት እንተዋለን፡፡ ቁማር የማይገባበት ቤት ይኑረኝ የሚል ወላጅ ግን በሩን ብቻ ሳይሆን የልጁንም ስልክ ማየት አለበት፡፡

ሳሎንና ብርድ ልብስ

አራተኛው ነገር ቤቱ ነው፡፡ ኮንሶል ሳሎን ይቀመጣል፡፡ ምን እንደሚጫወቱ እናት ከወጥ ቤት ሲያልፉ ያያሉ፤ እንግዳ ሲመጣ ይጠፋል፤ ሶላት ሲደርስ አባት «በቃ» ይላሉ፡፡ ወንድምና እህት ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጣላሉ፤ እዚያው ይታረቃሉ፡፡ ስልክ ግን ከብርድ ልብስ ሥር ይገባል፤ ሌሊት ስንት ሰዓት እንደጠፋ የሚያውቅ የለም፡፡ በቻይና ይህ ጉዳይ የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ፣ በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በኢንተርኔት የሚጫወቱት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓል ቀን ማታ አንድ አንድ ሰዓት ብቻ እንዲሆን ተደንግጓል፡፡ በእኛ አገር እንዲህ ያለው ድንጋጌ የወላጅ ነው፡፡

በሌላ በኩል ስልክ መብራት ሲጠፋ ይሠራል፤ ሩቅ ካለ ዘመድ ያገናኛል፤ ለትምህርት ይጠቅማል፡፡ ኮንሶል ከጨዋታ በቀር ብዙም አይጠቅምም፡፡ ዋጋውም ሳጥኑ ብቻ አይደለም፤ አዲስ የፕሌይስቴሽን 5 ጨዋታ አንዱ 70 ዶላር ያህል ያወጣል፡፡ ከዚህም በላይ ብዙዎቹ ጨዋታዎች በኢንተርኔት ሲወርዱ በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋ ባይት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ የሚገዛ ሰው ሲዲ የሚቀበለውን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ሲዲ ከጎረቤት መዋዋስና መልሶ መሸጥም ይቻላልና፡፡

ለሦስቱም መልሳችን

ወንድማችን አባት፣ ብክነትን መጥላትዎ ትክክል ነው፤ ስልክም ከሚገመተው በላይ ርቆ መሄዱ እውነት ነው፡፡ ሆኖም ስልክ የኮንሶልን ጨዋታ ማሳየት ይችላል እንጂ ለሰዓታት መሸከም አይችልም፤ የሚችለው ስልክ ደግሞ ከኮንሶሉ ይወደዳል፡፡ ልጅዎ ልዩነት አለ ሲል ለማጭበርበር አልነበረም፡፡

ልጃችን፣ በክርክሩ ረተሃል፤ ነገር ግን ያሸነፍከው ስለ ዕቃው ነው፡፡ ዕቃው ይገባሃል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፡፡ አክስትህ በሰው አገር በላባቸው ያገኙት ገንዘብ መሆኑን አትዘንጋ፡፡

እህታችን እናት፣ ፍርሃትዎ የሁላችንም ፍርሃት ነው፤ መድኃኒቱ ግን በእጅዎ አለ፡፡ ስልክም ይምጣ ኮንሶል፣ የባንክ ካርድ በውስጡ አይመዝገብ፡፡ ፕሌይስቴሽንም ሆነ ስዊች በወላጅ ሚስጥር ቁጥር የሚቆለፍ፣ የጨዋታ ሰዓትና ወጪ የሚገድብ መቆጣጠሪያ አላቸው፡፡ በአይፎን «ስክሪን ታይም»፣ በአንድሮይድ «ፋሚሊ ሊንክ» የሚባለው ይኸንኑ ሥራ ይሠራል፡፡ ባለፈው ዓመት የሆነው የሕፃኑ ጥፋት አልነበረም፤ ገንዘብ የማያውቅ ልጅ ገንዘብ ሲያወጣ ጥፋቱ በሩን ክፍት የተወው ነው፡፡ ስለዚህ ኀፍረቱን ከልብዎ ያውጡት፡፡

እኛ ብንሆን የምናደርገው ይህን ነው፡፡ ሁለቱም ዕቃ ከመምጣቱ በፊት ለአክስት እንደውላለን፡፡ የሚደውለውም የ14 ዓመቱ ልጅ ይሆናል፡፡ «አክስቴ፣ ለእኔ ያሰብሽውን ገንዘብ መጀመሪያ ለአያቴ ዓይን አድርጊልኝ» ይላል፡፡ የተረፈ ካለ ኮንሶሉ ይምጣ፤ ሲዲ የሚቀበለው ይሁን፤ ያገለገለም ቢሆን ግድ የለም፤ ሁለት ጆይስቲክ ይኑረው፤ ቦታውም ሳሎን ይሁን፡፡ ካልተረፈ ደግሞ ቤት ያለው ስልክ ላይ ማይንክራፍትን የመሰለ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚገዛ ጨዋታ ለጊዜው ይበቃል፡፡ ጨዋታ ሊቆይ ይችላል፤ የአያት ዓይን ግን በቆየ ቁጥር የሚሻለው ነገር የለም፡፡

ልጁ ይህን ስልክ ከደወለ በኋላ የሆነውን ቢጽፍልን ደስ ይለናል፤ በዚህ ዓምድ ኢንሻ አላህ እናወጣዋለን፡፡ እናንተም ውድ ወላጆች፣ በቤታችሁ ይህን ጉዳይ እንዴት እንደፈታችሁት ጻፉልን፡፡ ለአያቲቱ አላህ ዓይናቸውን እንዲያበራላቸው ዱዓችሁ አይለየን፡፡